የደገፉ ካብ

የዋጪሶን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣው ደገፉ መቁጠር ከተወ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ግን አንዱንም አልረሳም። ከሶዶ በማለዳ ተነሥቶ እስከ ገሱባ በሚኒባስ መጥቷል፤ ያውም የኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት የበቆሎ ጆንያ መካከል ተሰክቶ። ከገሱባ ወዲህ ያለውን ደግሞ እንደ ሁልጊዜው በእግሩ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለዚህ ጉዞ ሦስት ጊዜ ተመድባ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አስቸኳይ ስብሰባ ወሰዳት። ደገፉ አልተቆጣም። ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል፤ ያለችውን ለዳገቱ ቆጥቧታል።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንረፍ?» አለች ብሩክታይት ከኋላው።

ብሩክታይት ከሐዋሳ፣ ከክልሉ ቢሮ የተላከች የቅርስ ባለሙያ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስኒከር ተጫምታ፣ ጂፒኤሷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትራመዳለች፤ እንኳን ልትደክም ላብም አልወጣት። ዕረፍቱን የጠየቀችው ለእሱ ብላ መሆኑ ደገፉ ገብቶታል፤ ስለገባውም «አይ፣ ደርሰናል» አላት። አልደረሱም ነበር።

ሁለት ወር ነው የቀረው። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠባት፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈች ወንበር ለሌላ ትሰጣለች። ከዚያ በፊት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ኮረብታ ላይ ያለው የጥንት መንደር ፍርስራሽ በቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከመዝገቡ ላይ «ያገኘው ባለሙያ» በሚለው መስመር የራሱን ስም ማየት። ሹመት አልጠየቀም። የሽኝት ግብዣ እንኳ ቢቀር ግድ የለውም። ያቺ መስመር ግን የእሱ ናት፤ በእግሩ ገዝቷታል።

ነገሩ የጀመረው በ1986 ነው። ያን ጊዜ መንግሥቱ አዲስ፣ ክልሉ አዲስ፣ ማኅተሙ ሁሉ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ነበር፤ «በየወረዳው ያለ ታሪካዊ ቦታ ተመዝግቦ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ወረደ። ሌሎቹ ቢሮ ተቀምጠው ከአፍ የሰሙትን ሲጽፉ ደገፉ ሜትሩንና ደብተሩን ይዞ ወጣ። በዚህ ኮረብታ ወገብ ላይ ሲደርስ የሰው ወገብ የሚያህል የድንጋይ ካብ አገኘ። መቶ አርባ እርምጃ ይረዝማል። ከካቡ ሥር አንድ ገበሬ መቆፈሪያውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀው።

ገበሬው ወደ ካቡ አየ፣ ወደ ሜትሩ አየ፣ ደገፉ የለበሰውን ኮት አየ። ከዚያ «እኛ አናውቀውም» አለ። «አያቶቻችንም ሲመጡ እዚሁ ነበር ይላሉ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ደገፉ ሰው አልሆነም። ሌሊት በኩራዝ ሳይቀር ጽፎ፣ ከባልደረቦቹ የተዋሰውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጦ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሪፖርት አወጣ። «የመካከለኛው ዘመን መንደር ፍርስራሽ» አለው። ካቡ የመንደሩ አጥር ነው፤ በሰሜን ጫፍ ያለው ባለ አራት ማዕዘን መሠረት የዘበኛው ቤት ነው፤ ነዋሪዎቹ ወይ በጦርነት ወይ በወረርሽኝ ቦታውን ጥለው ሄደዋል። ሪፖርቱ ሄዶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ደገፉ ግን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ካቡን ለማየት ይመጣል። አንድ ድንጋይ ጎድሎ እንደሆነ በእርምጃ ይለካል፣ ልጆቹን ሰብስቦ ያስፈራራል፣ አዋቂዎቹን ይለምናል፣ ይመለሳል። ሶዶ ያሉት ባልደረቦቹ እንደ ሚስት ጤና «ካቡስ እንዴት ነው፣ ደህና ነው?» ይሉታል። የራሱ ሚስት ዓመለወርቅ ደግሞ «ለካቡ የጨረስከውን ጫማ እየቆጠርኩ ነው» ትለዋለች። በመጨረሻ ስሙም ወጣለት፤ የደገፉ ካብ።

ዘንድሮ፣ በ2003፣ ኮብልስቶን መጣ። የሶዶ መንገዶች በድንጋይ ሲነጠፉ ያየ የወረዳ ከተማ ሁሉ እኔስ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኤርሳዶ ሥራ የፈቱ ወጣቶችን አደራጀ፣ መሮና መዶሻ አስመጣ፤ ከዚያ ዙሪያውን ቢያይ ለጉልበት የሚቀርብ ድንጋይ የደገፉ ካብ ሆኖ አገኘው። ክፉ ሰው አይደለም ኤርሳዶ፤ ልጆቹ ሥራ ይፈልጋሉ። «እስከ ዓርብ በቅርስነት ካልተያዘ ቅዳሜ እንጀምራለን» ብሎ ጻፈ። አሥራ ሰባት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛው ሪፖርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነሣ፣ አቧራው ተራገፈ፣ ሐዋሳ ተደወለ፣ ብሩክታይት ተላከች። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ካቡ ጋ ሲደርሱ ደገፉ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆመና በቃሉ የሚያውቀውን ገለጻ ጀመረ። «ይህ በር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከዚህ ይቆማል። ያ ደግሞ የዘበኛው ቤት…» ብሩክታይት በትሕትና ሰማችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ሲባጎና ትንሽ የውሃ ልክ አወጣች፤ ካቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለካች ሄደች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ደገፉን ያስጨነቀው ይኸው ዝምታዋ ነው። ሰው ደስ ሲለው ይናገራል።

ስትመለስ «ጋሼ» አለች፣ «ካቡ አንድ ልክ ነው። ኮረብታው ሲታጠፍ ይታጠፋል፤ ከፍታው ግን ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ስንዝር አይለዋወጥም። አጥር ቢሆን ሽቅብ ቁልቁል ይል ነበር።»

«የጥንት ሰዎች ጥበብ ነው» አለ ደገፉ። ይህንን ገጽ ስምንት ላይ ጽፎታል።

«ይሁን። ይቺስ?» ጎንበስ ብላ ከካቡ ታችኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ አሳየችው። መሃሉ የጎደጎደ ነው፤ ጉድጓዱ ወደ ጎን ዞሮ ሌላ ድንጋይ ተጭኖበታል። «የእህል ወፍጮ ናት። ሦስት አየሁ። ጋሼ፣ መንደሩ ውስጥ የሚኖር ሰው የሚፈጭበትን ወፍጮ አጥር ውስጥ ይከታል?»

«ጠላት መጥቶባቸው በጥድፊያ ሠርተውት ይሆናል» አለ። ይህ ደግሞ ገጽ አሥራ አንድ ነው። ግን ድምፁ ለራሱም ደስ አላለውም፤ በጥድፊያ የተሠራ ካብ በውሃ ልክ እንደማይሠራ ገና አፉ ላይ ሳለ ታወቀው።

ስልኩ ጮኸ። ኔትወርክ የሚገኘው ካቡ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ እየተንቀዠቀዠ ሄዶ አነሣው። ኤርሳዶ ነው።

«አቶ ደገፉ፣ አለቀ ወይ? ልጆቹ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ይውጡ ወይስ ይቅሩ?»

«ቅጹን እየሞላን ነው» አለ ደገፉ። «የሽማግሌ ጣት ብቻ ነው የቀረው።»

«እሺ፤ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔን አትውቀሱኝ።»

የሽማግሌ ጣት ማለት የአቶ አንጁሎ ጣት ነው። ያኔ መቆፈሪያውን ተደግፎ ያገኘው ገበሬ አቶ አንጁሎ ናቸው፤ ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ቤታቸው ከካቡ ሥር ካሉት አሥራ አንድ ቤቶች የመጀመሪያው ነው፤ ከእንሰቱ ጀርባ። ደገፉ በየዓመቱ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነው። እንደለመደው የቤቱን ደፍ፣ መሃሉ በእግር ብዛት የሰረጎደውን ረጅም ጥቁር ድንጋይ፣ ረግጦ ገባና ከለመደው ቦታ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ቋ አለ።

የአቶ አንጁሎ ምራት ፋንታዬ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች፤ ዳጣው ብሩክታይትን እንባ አስነባት። አቶ አንጁሎና ደገፉ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ ዛሬ ግን ለእንግዳዋ ብለው አማርኛ ያዙ። አቶ አንጁሎ በአማርኛ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ሁሉም ሰው አንድ ነው።

«ልጄ፣ ብላ። ዳጣ ለቀቅ አድርገው፣ ቦዬውን ብላ» አሏት። ብሩክታይት እየሳቀች በላች።

ምሳው ሲነሣ ደገፉ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ የቀለም ሳጥኗን ከፈተ። «አባ አንጁሎ፣ ያኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት። አያቶችዎ ሲመጡ ካቡ እዚሁ እንደነበር ይመሰክራሉ። እዚህ ጋ ነው ጣትዎን።»

አቶ አንጁሎ እጃቸውን ታጠቡ። ዐይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ጸሎቱ ለአንድ ጣት በጣም ረዘመ። ዐይናቸውን ሲገልጡ ግን አውራ ጣታቸውን ወደ ሳጥኑ አላስጠጉም፤ ሌላው እጃቸው ውስጥ ደበቁት።

«አልችልም» አሉ።

«ምኑን?»

«በአፍ የተናገርኩ በአፍ ሄደ። እግዚአብሔር ይቅር ይላል። ይሄ ግን ወረቀት ነው፤ ጣት ነው። እኔ አሁን ሽማግሌ ነኝ፤ እሑድ ቆሜ ሰው አስተምራለሁ። በሐሰት ጣት አላደርግም።»

 ፋንታዬ ሳህኖቹን ይዛ እበሩ ላይ ቆመች።

«ካቡን እኛ ነን የሠራነው» አሉ አቶ አንጁሎ። «ሰባ ሰባት ላይ፣ ረሃብ ጊዜ። ስንዴና ዘይት ይሰጣሉ፤ እርከን ሥሩ አሉ። ሠራን። አለቃው ሲባጎ አለው፤ ሲባጎው ላይ ትንሽ ጠርሙስ፣ ውስጡ ውሃ። ውሃው መሃል ካልቆመ አፍርሱ ይላል። ስንት ቀን አፍርሰን ሠራን።»

ብሩክታይት ወደ ደገፉ ላለማየት የራሷን ጫማ አየች።

«እና… የዘበኛው ቤት?» አለ ደገፉ። ከአሥራ ዘጠኙ ገጽ ውስጥ ለምን ይህ ብቻ ትዝ እንዳለው እንጃ።

«እሱ የስንዴ መጋዘን ነው።»

ፋንታዬ ሳቋ አመለጣትና ሳህኖቹን ይዛ ሮጠች። ደገፉ ግን ነገሩ እንደሚያስቅ ለማየት ጊዜ አላገኘም፤ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «አባ አንጁሎ!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «አሥራ ሰባት ዓመት! በየዓመቱ ቦዬ እያበሉ! እየመረቁ እየሸኙ! የሰው መሳቂያ ሆኜ፣ ሚስቴ ሳይቀር… ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔ ብነግርህ ይፈርስ ነበር» አሉ አቶ አንጁሎ፤ አልጮሁም። «ደርግ ሲወድቅ ሰው እርከን ማፍረስ ያዘ። የደርግ ነው ብሎ። እልህ ነበር። ከዚያ ማዶ ያለውን አየህ? እዚያም እርከን ነበር፤ አፈረሱት። ዛሬ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፤ አፈሩ ወንዝ ወርዷል፤ ሰዎቹ ሻንቶ ከተማ ሄደው ሸክም ይሸከማሉ። እኔ ለመንኩ፣ አልሰሙኝም። በነጋታው ሊያፈርሱ ነበር። ያን ቀን አንተ መጣህ። ሜትር ይዘህ፣ ኮት ለብሰህ። ‹ማን ሠራው› አልክ። እኔ አሰብኩ። ‹እኛ› ካልኩ ይፈርሳል። ‹አናውቅም› ካልኩ ደግሞ የመንግሥት ሰው ይጽፈዋል። አናውቅም አልኩ። አንተም ጻፍክ። ወርደህም ሰውን ሰብስበህ አንድ ድንጋይ የነካ ይታሰራል አልክ። ሰው ፈራ። ቀረ።»

 የደገፉ ቁጣ እንደመጣ ሄደና ከኋላው የነበረው ድካም ሙሉ በሙሉ ተተካ። አፈረ። አንድ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ የሚያሳየው አንድ ነገር ቢኖረው፣ እሱም የእርዳታ ስንዴ መጋዘን ይሁን? ሐዋሳ ሲሰማ፣ ሶዶ ሲሰማ፣ ሻይ ቤቱ ሲሰማ በዐይነ ሕሊናው ታየው። ከሁሉ ይልቅ ግን ዓመለወርቅ አሳዘነችው፤ እሷ ምንም አትልም፣ ጫማውን አይታ ዝም ትላለች።

ብሩክታይት ቀና አለች። «አባባ፣ ድንጋዩን ከየት አመጣችሁት?» አለች።

አቶ አንጁሎ ወደ እሷ ዞሩ። ማንም እስከ ዛሬ ይህን እንዳልጠየቃቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«ከላይ» አሉ። «ከድሮ ሰዎች ቤት።»

በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ ላይ ወጡ፤ ሽማግሌው ፊት፣ ልጅቱ መሃል፣ ደገፉ መጨረሻ። ከካቡ በላይ ጥቂት ሽቅብ ተብሎ የኮረብታው አናት ሜዳ ነው፤ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ደገፉ ቦታውን አሳምሮ ያውቀዋል። በየዓመቱ ካቡን ለክቶ ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ የሚያርፈው እዚህ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ እዚህ ሾላ ሥር ጋደም ብሏል።

«ክብ ክብ ነበር» አሉ አቶ አንጁሎ በበትራቸው እያሳዩ። «እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ቁመቱ እስከዚህ ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የለም። አባቴ እዚህ ከብት አታግዱ ይል ነበር፤ የሰው ቤት ነው፤ ቢሄዱም ቤት ነው ይላል። ማን እንደነበሩ እሱም አያውቅም፤ አያቱም አያውቁም። እኛ አፈረስነው። ወፍጮውንም፣ ምድጃውንም፣ ሁሉንም አወረድን። ርቦን ነበር።»

ብሩክታይት ሣሩን እያየች መዞር ጀመረች። የጥቅምት ሣር ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ ይመስላል። ትንሽ ቆይታ «ጋሼ፣ እዚህ ይምጡ፤ ከዚህ ሆነው ይዩት» ብላ ጮኸች። ሄደ። ከዚያ ማዕዘን ሲያዩት ሣሩ በቀለበት በቀለበት ይለያል፤ ድንጋይ የተነቀለበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ውሃ ስለሚይዝ ጠቁሮና ረዝሞ በቅሏል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ። አንዱ ቀለበት ልክ ሾላው ሥር ነው፤ ደገፉ ጋደም የሚልበት። የሰው ቤት ውስጥ ነበር የሚያርፈው። የፈለገውን መንደር ተንተርሶ ተኝቶ ወደ ካቡ ያይ ነበር።

ልጅቱ ጂፒኤሷን ይዛ ከቀለበት ቀለበት ትሮጣለች። «ጥንታዊ ነው፣ ጋሼ! የመካከለኛው ዘመን ሳይሆን አይቀርም፣ ቁፋሮ ያስፈልገዋል እንጂ!» ደገፉ ደስ ሊለው ሞከረ። ደክሞት ነበር። መንደሩ አለ፤ እሱ ግን አላገኘውም።

ሲወርዱ አቶ አንጁሎ እንደ ቀላል ነገር «አንዱ ድንጋይ ለካቡ ረዘመ» አሉት። «ከትልቁ ቤት በር የነበረ ነው። አለቃው ጣለው አለ። እኔ ወሰድኩት።»

ደገፉ ገባው። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ደፉን ቁልቁል አየው። መሃሉ የሰረጎደው በአንጁሎ ቤት ሰዎች እግር ብቻ አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት የረገጠውን ድንጋይ ዛሬ እንዳይነካው እግሩን ከፍ አድርጎ ለመሻገር ሞከረ፤ ጉልበቱ እንቢ አለና መቃኑን ይዞ ነው የተሻገረው።

ቅጹ እንደተዘረጋ ጠበቀው። ብሩክታይት ከጎኑ ተቀመጠች። ያልተባለው ነገር ከሁለቱም ፊት ነበር፤ የድሮውን ቅጽ እንዳለ ፈርሞ ቢልክ ማን ያውቃል? እሷ ታውቃለች። እሷ ባታውቅም የሽማግሌው ጣት የለም።

«እውነቱን ከጻፍነው ይቀበሉታል?» አላት።

«እንጃ። እንዲህ ያለ መዝግበው አያውቁም። ግን ጋሼ፣ ቅጹ ገቢ ከሆነ ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ማንም ቦታውን አይነካም። መመሪያው ነው።»

ደገፉ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ውሳኔ እስኪመጣ? ልጄ፣ የመጀመሪያው ሪፖርቴ ተነሥቶ የታየው እኮ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።»

አዲስ ቅጽ ሰጠችው። ቀስ ብሎ፣ በዚያ በሚያምረው የድሮ ተማሪ ቤት ጽሕፈቱ ጻፈ። በላይኛው ሜዳ ላይ የዘጠኝ ቤቶች አሻራ አለ። ድንጋያቸው በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ጊዜ በአካባቢው ነዋሪዎች ተነቅሎ ወርዶ እርከን ሆኗል። መንደሩ ጠፍቷል ማለት አይቻልም፤ ካቡ ውስጥ ነው። ካቡ የአሥራ አንድ ቤት አፈር ይዟል። ከዚያ «ያገኘው ባለሙያ» የሚለው መስመር ላይ ደረሰ። ብዕሩን አነሣ፤ ቆየ።  «ባለሙያ» የሚለውን ሰረዘና «አቶ አንጁሎ» ብሎ ጻፈ።

አቶ አንጁሎ ማንበብ አይችሉም፤ የብዕሩን መሰረዝ ግን አይተዋል። «ምን ሰረዝክ?»

«‹ባለሙያ› የሚለውን። እዚያ የምጽፈው ስሜን ነበር።»

«ለምን?»

«እኔ አላገኘሁትማ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። እስከ ዛሬ ደገፉ ሲቆጡ አይቷቸው አያውቅም። «ስምህ ከወጣ ማን ይጠብቀዋል? እዚህ ልጅ ድንጋይ ሊያነሣ ሲል ምን እንላለን መሰለህ? ‹ተው፣ ደገፉ ይመጣል› ነው የምንለው! የእኔን ማን ይፈራል? እኔ እዚሁ ነኝ። በየዓመቱ ሲመጣ የሚያዩት አንተን ነው። ዝናብ ሲያባራ ሰው ሁሉ ‹ደገፉ መጣ ወይ› ይላል። የደገፉ ካብ ነው፤ ሶዶ ይሳቁ፣ እኛ እዚህ አንስቅም።»

 የሶዶ ሰዎች ያወጡለት ስም እዚህ ድረስ ወርዶ አፈር ሲጠብቅ መኖሩን ማን ነገረው? ማንም። የደገፉ እንባ መጣና እንዳይታይ ቅጹ ላይ አጎነበሰ። ታች፣ በጣም ታች፣ «ጠባቂ» የሚል መስመር አለ። እሱ በሞላቸው ቅጾች ሁሉ ባዶ የሚቀር መስመር ነው፤ ለጠባቂ በጀት ኖሮ አያውቅም። እዚያ ላይ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈ።

ከዚያ ሙሉውን ከላይ እስከ ታች በወላይትኛ አነበበላቸው። አቶ አንጁሎ ረሃቡ ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ቃልም አላስለወጡ። ሲጨርስ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ጠበቅ አድርገው አሳረፉት።

«ጋሼ» አለች ብሩክታይት፣ ቅጹን ወደ ቦርሳዋ ከመክተቷ በፊት እንደገና እያየችው፤ ነገሩ ከብዷታል። «ጠባቂ የሆነ ሰው በአካል መጥቶ ማየት አለበት ይላል መመሪያው።»

«እመጣለሁ እኮ። በየዓመቱ ነው የምመጣው።»

«በየወሩ ነው የሚለው።»

ደገፉ በተከፈተው በር ዳገቱን አየ። «በየወሩ?»

«በየወሩ።»

ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና ቅጹን ከእጇ ተቀብሎ ከስሙ ጎን ፈረመ።